ቀለም የፈጨ ድንጋይ

የካ ሚካኤል አካባቢ ስለ ድንጋይና ጥበብ ከተነሳ ቀድሞ የሚጠቀሰው ተራራው ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ነው። እሱ ግን ብረት በእጁ የገባለት ሰው ሥራ ነው። ብረት ከመታወቁ ከአሥር ሺዎች ዓመታት በፊት ድንጋይን በድንጋይ እየፈጩ ቀለም ያወጡ ሰዎች የኖሩበት ፖርክ ኤፒክ ዋሻ የሚገኘው ድሬዳዋ አጠገብ ነው።

ዋሻው በ1929 እ.ኤ.አ. ከታወቀ በኋላ በተለያየ ጊዜ ተቆፍሯል። ከባልጩት ስለቶች ጋር አብሮ የወጣው ብረት ያዘለ የቀለም ድንጋይ (ኦከር) ከ4,000 ስባሪ በላይ፣ በክብደትም 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ ይሆናል። ቀለም የመፍጨቱ ሥራ ቢያንስ ለ4,500 ዓመታት ሳይቋረጥ እንደቀጠለ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ።

መሣሪያው ወፍጮና መጅ ነው፤ አያቶቻችን እህል ከፈጩበት በመጠን እንጂ በአሠራር አይለይም። የቀለሙን ድንጋይ ወፍጮው ላይ ሲያሹት ፊቱ እየተላገ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ዱቄቱም የወፍጮው ቀዳዳዎች ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ፈጪዎቹ በአንድ ዓይነት ወፍጮ አልተወሰኑም፤ ሻካራም ልስልስም ዱቄት፣ ደማቅም ፈዛዛም ቀለም አውጥተዋል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ግማሽ ጎኑ ብቻ ቀለም የነካው አንድ ድብልብል ጠጠር ነው። የመረመሩት ሰዎች ቀለም ውስጥ ተነክሮ ቆዳን በመሰለ ለስላሳ ነገር ላይ ማተሚያ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

በዋሻው ግድግዳ ላይ ሥዕሎች አሉ፤ እነሱ ግን ከፈጪዎቹ ዘመን እጅግ ዘግይተው የመጡ ናቸው። ፈጪዎቹ ገላቸውን ተቀብተው ከሆነ ገላው በስብሷል፤ ቆዳ አስጊጠው ከሆነም ቆዳው የለም። የቀረው ወፍጮው ነው። በደቡብ አፍሪካው ብሎምቦስ ዋሻ 73,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ በቀለም ድንጋይ የተሰመረ መስመር ተገኝቷል፤ እኛ ዘንድ የተረፈው ሥዕሉ ሳይሆን ሠዓሊው የሠራበት ዕቃ ነው። የፖርክ ኤፒክ ስብስብ ዛሬ ከየካ ብዙም በማይርቀው አምስት ኪሎ፣ በብሔራዊ ሙዚየም ይዞታ ሥር ነው።

የየካን ኮረብታም ሆነ እንጦጦን ስትወጡ ባልጩት ወይም ቀይ ዱቄት የነካው ድንጋይ ብታገኙ አታንሱት፣ በተለይ አትጠቡት። ማስረጃው ያ እድፍ ነው። ፎቶ አንስታችሁ ቦታውን ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ።