ተጨማሪ መረጃ፦ «ላምበረት» ርዝመቱ ስንት ነው?

ለላምበረት መናኸሪያ የከተሞችን ስም በዓምድ አሰልፎ የሚያትም፣ በፓይተን 2 የተጻፈ ፕሮግራም አለ እንበል። ኮዱን ሳትነኩ በፓይተን 3 ብታስኬዱት አይሠራም፤ «ፕሪንት» በአዲሱ ስሪት ቅንፍ ይፈልጋል። ለአንድ ስሪት የተጻፈን ኮድ በሌላው እንዲሠራ ማስተካከል ፖርቲንግ ይባላል።

ቅንፉ ቀላል ነው፤ የጎደለበትን መስመር ፓይተን ራሱ ይጠቁማችኋል። የሚያስቸግረው ድምፅ ሳያሰማ የሚለወጠው ነው። ፓይተን 2 ተራ ጽሑፍን የሚለካው በባይት ነበር። ፊደላትን ወደ ባይት በሚለውጠው በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ «ላምበረት» ርዝመቱ 15 ይሆናል። ፓይተን 3 ግን ፊደሉን ስለሚቆጥር 5 ይላል፤ ለእኛ ጽሑፍ ይሄኛው ይሻላል። ችግሩ፣ የቀድሞው ጸሐፊ ርዝመቱን ለ3 እያካፈለ ዓምዱን አስተካክሎ ከነበረ፣ አሁን አሰላለፉ ይዛባል።

ፓይተን 3 የወጣው በ2008 እ.ኤ.አ. ሲሆን የፓይተን 2 ድጋፍ ያበቃው በ2020 መጀመሪያ ነው። እንዲህ ያሉ ድምፅ የሌላቸው ለውጦች ስላሉ ሽግግሩ ይህን ያህል ጊዜ መውሰዱ አያስገርምም።

ሞክሩ፦ ስማችሁን በአማርኛ፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ በፓይተን 3 ርዝመቱን በ«ሌን» ለኩ። ሁለቱንም በ«ኢንኮድ» ወደ ባይት ለውጣችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ የተለወጠው የትኛው ነው?