ወረርሽኝ ሳይመጣ የጤና ጽሕፈት ቤታችሁ ምን ይሠራል?



ወረርሽኝ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሽታው ከገባ በኋላ የሚታየውን ግርግር ነው። ድንኳን ይተከላል፣ በድምፅ ማጉያ ማስጠንቀቂያ ይነገራል፣ የክትባት ሰልፍ ይረዝማል። ይሁን እንጂ ዋናው ሥራ የሚሠራው ከዚያ በፊት፣ ሰው ሁሉ ደኅና በሆነበት ጊዜ ነው። ይህ ሥራ በወረዳና በክፍለ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት እንዴት እንደሚከናወን፣ የእናንተ የባልና የሚስት ድርሻም ምን እንደሆነ በዚህ ጽሑፍ እንገልጽላችኋለን።

የበሽታ ቅኝት ምንድን ነው?

ቅኝት ማለት በየአካባቢው ማን በምን በሽታ እንደታመመ ያለማቋረጥ መከታተል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ከሰኞ እስከ እሑድ ያዩአቸውን ሕሙማን ቁጥር በየሳምንቱ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይልካሉ። ወረዳው አጠናቅሮ ወደ ዞን፣ ዞኑ ወደ ክልል ጤና ቢሮ፣ ክልሉም ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያስተላልፋል። ወባ፣ ማጅራት ገትር፣ ተስቦና ግርሻ በዚህ ሳምንታዊ ሪፖርት ከሚካተቱት በሽታዎች መካከል ናቸው።

ሳምንት የማይጠበቅላቸው በሽታዎችም አሉ። ኮሌራ፣ ኩፍኝ፣ ፖሊዮ፣ ቢጫ ወባ፣ አባ ሰንጋ፣ የእብድ ውሻ በሽታና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ ከእነዚህ ውስጥ ይገኙበታል። ከእነዚህ በአንዱ የተጠረጠረ አንድ ሰው እንኳ ቢገኝ ባለሙያው ወዲያውኑ በስልክ ማሳወቅ አለበት። ላቦራቶሪው እስኪያረጋግጥ መጠበቅ የለበትም፤ ጥርጣሬው ብቻ ይበቃል።

ስንት ሰው ሲታመም ነው ወረርሽኝ የሚባለው?

መልሱ እንደ በሽታው ዓይነት ይለያያል። አገራችን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ትገኛለች፤ በዚህ ቀበቶ በሽታው የሚበረታው ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ባለው ደረቅና አቧራማ ወቅት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚለው፣ 100,000 ሕዝብ ባለበት ወረዳ በአንድ ሳምንት 3 ሰዎች በማጅራት ገትር ከተጠረጠሩ የማስጠንቀቂያ ደወል ይደወላል። ቁጥሩ 10 ሲደርስ ወረርሽኝ ነው ይባላል፤ የክትባት ዘመቻም ይጠየቃል። ሕዝቡ ከ30,000 በታች በሆነበት አካባቢ ደግሞ 2 ሕሙማን ለማስጠንቀቂያ፣ 5 ሕሙማን ለወረርሽኝ ይበቃሉ።

እነዚህን ቁጥሮች ልብ በሉልን። አንድ ወረዳ 9 ሕሙማን መዝግቦ ሳለ አሥረኛው በቤቱ ተደብቆ ቢተኛ፣ ወረዳው ለክትባት የሚያበቃው ቁጥር ላይ አልደረሰም ማለት ነው። ከተከተቡ በኋላም ሰውነት መከላከያውን እስኪያዘጋጅ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ የዘገየው እያንዳንዱ ቀን በጎረቤት ልጆች ላይ ይቆጠራል። «ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ ለታማሚው ብቻ ሳይሆን ለመንደሩ ሁሉ ይሠራል።

ቀድሞ የሚዘጋጀው ምንድን ነው?

አንድ የጤና ጽሕፈት ቤት በዓመቱ መጀመሪያ የዝግጁነት ዕቅድ ያወጣል። በመጀመሪያ የትኛው ቀበሌ ለየትኛው በሽታ የተጋለጠ እንደሆነ ይለያል። መጸዳጃ ቤት የሌላቸው ሰፈሮች፣ የወንዝ ውኃ የሚጠጣባቸው አካባቢዎች፣ ብዙ ሰው የሚሰባሰብባቸው የጸበልና የበዓል ቦታዎች፣ እንዲሁም ክትባት ያልጨረሱ ሕፃናት የሚበዙባቸው ቀበሌዎች ተለይተው ይመዘገባሉ።

ቀጥሎ ፈጣን ምላሽ ሰጪ ቡድን ይቋቋማል። በቡድኑ ውስጥ ሐኪም ወይም ጤና መኮንን፣ ነርስ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ይኖራሉ። የመጀመሪያው የሕመም ወሬ ሲሰማ ወደ ቦታው የሚሄዱት እነዚህ ናቸው። በመጨረሻም መድኃኒት፣ ግሉኮስ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ጓንት፣ ክሎሪንና የናሙና መውሰጃ ዕቃ ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። የኮሌራ ሕሙማን ለብቻቸው የሚታከሙበት ቦታም አስቀድሞ ይመረጣል። ዝናብ ከጣለ፣ መንገድ ከተቆረጠ በኋላ ግሉኮስ ፍለጋ መሮጥ ሰው ያስገድላልና።

ፈንጣጣ ያስተማረን

ይህ አሠራር በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1971 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በኢትዮጵያ ሲጀመር፣ በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ዘመቻው የተሳካው ሁሉንም ሰው በመከተብ ብቻ አልነበረም። ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ መንደር ለመንደር እየዞሩ «እንዲህ ያለ ሽፍታ ያለበት ሰው አለ ወይ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሕመምተኛ ሲገኝ በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ይከትቡ ነበር። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ፈንጣጣ የለም። ለዚህ ያበቃው አንዱ ታላቅ ምክንያት ሕዝቡ የታመመውን ሰው ማሳየቱ ነው።

የባልና የሚስት ድርሻ

አንደኛ፣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ኮሌራ፣ በተለምዶ አተት የምንለው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ሲበረታ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሆኖም በጊዜው ተገቢውን ሕክምና ካገኙ ሕሙማን መካከል የሚሞተው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጊዜ ነው። በብዙ ቤት ግን ሚስት ባሏ ከሥራ እስኪመለስ ትጠብቃለች፣ ወይም ገንዘቡ በእርሱ እጅ ስለሆነ መጓጓዣ ታጣለች። ስለዚህ ዛሬውኑ ተስማሙ፦ አንድ ሰው በድንገት ቢታመም ቤት ያለው ሌላውን ሳይጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወስደዋል። ለዚህ የሚሆን ጥቂት ገንዘብም ሁለታችሁም በምታውቁት ቦታ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ተቅማጥ እንደጀመረ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ስጡ። አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡ። በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ድፉትና አዲስ አዘጋጁ። የሚጠባ ሕፃን ጡት መጥባቱን አያቋርጥ። ንጥረ ነገሩን እየሰጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ እንጂ ቤት ሆናችሁ ለውጡን አትጠብቁ።

ሦስተኛ፣ የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ ተመልከቱ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር የሚሰጥ ሲሆን፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። ብዙ ወላጆች የመጀመሪያውን አስከትበው ሁለተኛውን ይረሳሉ። ኩፍኝ በጣም ተላላፊ በመሆኑ፣ ካልተከተቡ 10 ሰዎች መካከል ከሕመምተኛ ጋር በቅርብ ሲገናኙ 9 ያህሉ ይያዛሉ።

አራተኛ፣ የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሚስት ይህን ትወቅ። ክኒኑን በዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ካስታወካት ሌላ ክኒን መዋጥ አለባት። ብርቱ ትውከት ወይም ተቅማጥ ከ2 ቀን በላይ ከቀጠለ ክኒኑ በሚገባ ላይሠራ ይችላል። በዚህ ጊዜ ኮንዶም ተጠቀሙ፤ ባለሙያም አማክሩ። ወረርሽኝ ሲኖር ወደ ክሊኒክ መመላለስ ሊያስቸግር ስለሚችል፣ የክኒኑ ፓኬት ከማለቁ ወይም የመርፌው ቀን ከመድረሱ በፊት ቀደም ብላችሁ ብቅ በሉ።

አምስተኛ፣ በጎረቤት ሁለት ሦስት ሰው በተመሳሳይ ሕመም መተኛቱን ከሰማችሁ ለሰፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ለጤና ጣቢያ ንገሩ። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ማንንም ማዋረድም አይደለም። ኮሌራ የሚይዘው በተበከለ ውኃና ምግብ እንጂ በሰውየው ጥፋት አይደለም። በእድር፣ በማኅበርና በቡና ሰዓት የሚወራው ወሬ ብዙ ጊዜ ከማንኛውም ሪፖርት ይቀድማል። ያ ወሬ ወደ ጤና ጣቢያ ከደረሰ ቅኝት ይሆናል። እዚያው ሰፈር ከቀረ ግን ወሬ ሆኖ ይቀራል፤ በሽታው ግን ቤት ለቤት ይዞራል።

የጤና ጽሕፈት ቤቱ የቱን ያህል ቢዘጋጅ፣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ የሚገኘው በሰው ቤት ውስጥ ነው። ዛሬ ወደ ቤት ስትመለሱ ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ የልጆቹ የክትባት ካርድ የት እንዳለ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በቤት መኖሩን፣ ሌሊት ሰው ቢታመም ወደ የትኛው ጤና ተቋም እንደምትሄዱ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሦስቱንም ከራት በፊት ጨርሱ።