ዕጩዎቹ ወጡ፤ አሁን እንጣላ

የሽልማት ወቅት በመጣ ቁጥር ኢንቦክሴን የሚያጨናንቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «እገሌ እንዴት ቀረ?» አብዛኞቻችሁ የካዛንቺስና የቂርቆስ ልጆች ናችሁ። ሰፈሩ በኮሪደር ልማት ከተነሳ ወዲህ ግማሻችሁ ከተዛወራችሁበት ከገላን ጉራ ነው የምትጽፉልኝ። ንዴታችሁ ግን ያው የድሮው ነው፣ ምንም አልቀነሰም። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ፣ ሰው ከዕጩ ዝርዝር ለምን እንደሚቀር የማስበውን እዚሁ ልዘርግፈው። ባለሙያ አይደለሁም፤ ሪሞቱን ከእጁ የማይጥል ተመልካች ነኝ።

መጀመሪያ የሚያከራክሩንን ሁለቱን ሽልማቶች እንለያቸው። ለዛ የአድማጮች ምርጫ ነው። ብርሃኑ ድጋፌ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ከሚያቀርበው የሬዲዮ ፕሮግራም የወጣ በመሆኑ ልቡ ያለው ሙዚቃው ላይ ነው፤ የዓመቱ አልበም፣ የዓመቱ ዘፈን፣ አዲስ ድምፃዊ። ጉማ ደግሞ በ2006 የተጀመረው በፊልም ሽልማትነት ነው። መሥራቹ ዮናስ ብርሃነ መዋ ሲሆን፣ ስሙም የተወሰደው ሚሼል ፓፓታኪስ በ1966 ከሠራው «ጉማ» ከተባለው ፊልም ነው። እዚያ ሚዛኑን የሚይዙት ዳኞች ናቸው። እንግዲህ አንደኛው ቤት የተሠራው ለዘፈን፣ ሌላኛው ለፊልም ነው። ተከታታይ ድራማ በሁለቱም ቤት የእንጀራ ልጅ ነው። ማዕድ ላይ ይቀርባል፣ ይጎርሳል፤ ቤቱ ሲሠራ ግን እሱን ያሰበው አልነበረም።

ይሄ ምን ለውጥ ያመጣል ለምትሉኝ፦ ፊልም ሁለት ሰዓት ተቀምጠህ አይተህ ትፈርዳለህ። ዘፈንማ በአራት ደቂቃ ያልቃል፣ ከወደድከው ትደግመዋለህ። ድራማ በየሳምንቱ እየመጣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። «ሰው ለሰው» ድራማ ላይ ጋሽ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን አስታውሱት። የአስናቀ ክፋት በአንድ ትዕይንት የተገነባ አይደለም። ዛሬ ፈገግ ይላል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያ ፈገግታ ለምን እንደነበር ይገባሃል። ካዛንቺስ፣ ከእንደራሴ ወረድ ብሎ በነበረው ሥጋ ቤት ቴሌቪዥኑ የተሰቀለው ከሚዛኑ በላይ ነበር። አስናቀ ስልክ ሲያነሳ ሥጋ ቆራጩ ቢላዋውን አየር ላይ ይዞ ይቆማል። ግማሽ ኪሎ ያዘዘውም ሰው «ኧረ ቁረጥልኝ» አይልም፤ እሱም አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ነው የሚያየው። አሁን ለዳኛ ከዚህ ሁሉ የትኛውን ቆርጠህ ታሳየዋለህ? ያቺን የስልክ ትዕይንት ለብቻዋ ብታሳየው አንድ ሽማግሌ ስልክ ሲያወራ ነው የሚያየው።

በዚህ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። አሜሪካኖቹ ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሰጡ ኖረዋል። ለቴሌቪዥን ብሎ የተሠራ ቤት አላቸው ማለት ነው። በትወና የታጨ ሰው ለመራጮቹ የሚያቀርበው አንድ የመረጠውን ክፍል ነው። ያም ሆኖ «ቤተር ኮል ሶል» የተባለው ድራማ 53 ጊዜ ታጭቶ አንዴም ሳይሸለም ተጠናቀቀ። ዛሬ ከምርጦች ሁሉ ምርጥ የሚባለው «ዘ ዋየር» በአምስት ምዕራፍ ውስጥ ያገኘው ሁለት ዕጩነት ብቻ ነው፤ ሁለቱም በድርሰት፣ ሁለቱንም አላሸነፈም። ቀስ እያለ የሚበስል ሥራ ለዳኛ እንደማይመች ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

የሕዝብ ድምፅስ? እዚህ ላይ እናቴን ልጥራት። ቤታችን ውስጥ ከኔ በላይ ድራማ የምታይ እሷ ናት። የማን ልጅ ከማን እንደተወለደ፣ ማን ማንን ስንት ክፍል ላይ እንደካደ ጠይቋት። ድምፅ ሰጥታ ግን አታውቅም። ስልኳ ላይ የምትጽፈው ካርድ ሲያልቅባት ደውሉልኝ ለማለት ብቻ ነው። ድምፅ የሚሰጠው የተዋናዩን ገጽ የሚከተለው፣ ሊንክ የሚቀባበለው፣ ስልኩ ላይ ሁልጊዜ ዳታ ያለው ወጣት ነው። በዚያ ላይ ምርጫው ሲደርስ አየር ላይ ያለ ድራማ ይቀናዋል፤ ከወራት በፊት ያለቀው ግን ሰው አፍ ላይ የለም። ቢሆንም የሕዝብ ምርጫ ይቅር የሚሉትን አልደግፍም። በየታክሲው ምን እንደሚወራ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ዳኛ አይሰማም። ሁለቱም ይኑሩ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲሠራ ግን አንጠብቅ።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የሳቅ ነገር ነው። «ቤቶች» ድራማ ስንት ዓመት ሙሉ ቤተሰብ ሰብስቦ አስቋል። በፋና ቴሌቪዥን የታየው «ምን ልታዘዝ» አንዲት ካፌ ውስጥ አገሩን በሙሉ አስቀምጦ በአስተናጋጅና በባለቤት፣ በደንበኛና በሒሳብ ስንናገረው የምንፈራውን ነገር ተናገረ። እንዲህ ያለ ሥራ እናት ልጇን ከቀበረችበት ድራማ ጋር አንድ ሚዛን ላይ ሲወጣ ማን እንደሚያሸንፍ ታውቁታላችሁ። እንባ ከባድ ሥራ ይመስላል። የሚያስቅ ተዋናይ ግን ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ቀልዱ ሞተ፤ ላቡ ስለማይታይ ማንም አይቆጥርለትም። ኤሚ ኮሜዲውንና ድራማውን ለይቶ ይሸልማል። እዚያም ጠብ አይጠፋም፤ በ2024 እ.ኤ.አ. «ዘ ቤር» በኮሜዲ 23 ጊዜ ሲታጭ ተመልካቹ «የምንስቀው የቱ ጋ ነው?» ብሎ ነበር። እኔ ግን ያ ጠብ ይሻለኛል። ቢያንስ ሳቅ የራሱ ወንበር አለው።

ደራሲዎቹ ጋ ስንመጣ ድምፄን ከፍ ላድርግ። የፊልም ባለቤት ዳይሬክተሩ ነው እንበል፣ እሺ። የድራማ ባለቤት ግን ጸሐፊው ነው። በአርትስ ቴሌቪዥን የታየውን «እረኛዬ»ን ቅድስት ይልማ፣ አዜብ ወርቁና ቤዛ ኃይሉ ሦስት ሆነው ሲጽፉት ያየነው ሥራ የሦስት ሰው ጭንቅላት ይመስል ነበር፤ ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርስ አይመሳሰሉም፣ ሁሉም በየራሱ አፍ ነው የሚናገረው። ከ«ሰው ለሰው» ደራሲዎች አንዱ የነበረውን፣ በ2013 ያጣነውን መስፍን ጌታቸውንም አስቡ። ከዋክብቱን መንገድ ላይ አስቁሞ ፎቶ የሚነሳው ሕዝብ የደራሲውን መልክ ስንቱ ያውቀው ነበር?

የኛ አገር የድራማ ጸሐፊ ደግሞ የራሱ ፈተና አለበት። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በድንገት «ለትምህርት ውጭ ሄደች» ከተባለ ተዋናይዋ ቪዛ አግኝታለች ማለት ነው። ሠርጓ ሊሆን ሁለት ክፍል ቀርቶት ነበር! ጸሐፊው ያንን ቀዳዳ በአንድ ሳምንት ይጠግናል፤ ሙሽራውን አስቆጥቶ፣ እህቷን ከክፍለ ሀገር አምጥቶ፣ ታሪኩ እንዳይወድቅ ደግፎ ይይዛል። «የዓመቱ ምርጥ ጥገና» የሚል ዘርፍ ቢኖር ቲኬት ቆርጬ እገባ ነበር።

ይቺን ስጽፍ ከፊሎቻችሁ እንደምትበሳጩ አውቃለሁ፤ ግን የዳቢንግ ድምፆችም አሉ። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ሲመጣ የቱርኩን ድራማ በአማርኛ አፍ አደረገውና የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቃወሙ። ተቃውሞው ይገባኛል። በትንሽ ገንዘብ አገርኛ ድራማ የሚሠራ ሰው ኢስታንቡል ውስጥ በብዙ ወጪ ከተቀረጸ ሥራ ጋር ተወዳደር ሲባል ቢጮህ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ ድምፅ የመጣው ከኢስታንቡል አይደለም፤ እዚሁ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ማይክ ፊት የቆመ ያገሬ ልጅ ነው። የሌላ ሰው ከንፈር ሲገጥም የሱ ዓረፍተ ነገር ማለቅ አለበት። እያለቀሰም ቢሆን ማለቅ አለበት። ሠፈራችን ያሉ አክስቶች የቱርኩን ተዋናይ የወደዱት በዚህ ልጅ ጉሮሮ ነው። ስሙን ከዕጩዎች መሐል ፈልጌ አይቼው አላውቅም፤ የጠየቀለትም አልሰማሁም። ማስመሰል እንጂ ትወና አይደለም የምትሉ፣ አንድ ደቂቃ የቱርክ ድራማ ድምፁን አጥፍታችሁ ራሳችሁ ሞክሩትና ቅጂውን ላኩልኝ። እስቃለሁ።

አሁን ተራው የናንተ ነው። ኮሜንት ላይ ማን ማሸነፍ እንዳለበት አትጻፉልኝ፤ እሱን ድምፅ መስጫው ላይ ጨርሱ። ዘንድሮ ካያችሁት ድራማ ከዝርዝሩ የቀረ አንድ ሰው ጥቀሱና የትኛው ክፍል ላይ ምን እንዳደረገ በሁለት መስመር ንገሩኝ። ጸሐፊ ይሁን፣ ድምፅ ይሁን፣ ሻይ አቅርቦ የሚወጣ ተዋናይ ይሁን። ስለ አስናቀ መጻፍ ክልክል ነው፤ እሱን ጨርሰናል።