ሁለት ፍርድ ስላለበት ሸክላ

የሙዚቃ ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ብዙ ጊዜ በከንቱ የሚደክም መስሎ ይታያል። ዜማው ሁሉ ያለ ድካም በሚገኝበት በዛሬው ዘመን አሮጌ ሸክላ በውድ ዋጋ መግዛት፥ አቧራውን መጥረግ፥ በየሃያው ደቂቃም እየተነሡ ፊቱን መገልበጥ ምን ይጠቅማል? የሚሉ አሉ። ለዚሁ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ የአሜሪካዊውን የሳክስፎን ተጫዋች የጆን ኮልትሬንን «አሴንሽን» የተባለውን ሸክላ ነገር እናቀርባለን። ትርጓሜውም ዕርገት ማለት ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. ጁን 28 ቀን፥ ኮልትሬን ዐሥር ሙዚቀኞች አስከትሎ በኒው ጀርዚ ወደሚገኘው ወደ ሩዲ ቫን ጌልደር የድምፅ መቅረጫ ቤት ገባ። እርሱን ጨምሮ አምስት ሳክስፎን፥ ሁለት መለከት፥ ሁለት ባስ፥ አንድ ፒያኖና አንድ ከበሮ ነበረ። አጭር የዜማ መነሻ ከተሰማ በኋላ ሁሉም ባንድነት ይጮኻሉ፤ ከዚያም አንዱ ተራውን ጠብቆ ብቻውን ይወጣል፤ ሲጨርስም ሁሉም ይመለሱበታል። እንዲህ ያለው አጨዋወት ነጻ ጃዝ ይባላል፤ ስሙም የጸናው ኦርኔት ኮልማን በ1960 ዓ.ም. ስምንት ሰዎችን በሁለት ወገን ከፍሎ ካጫወተበት ሸክላ ነው።

መጀመሪያ ስንሰማው ባለጉዳይ በበዛበት ችሎት ደጃፍ የቆምን መስሎን እንደ ነበረ አንሸሽግም። ደጋግሞ ለሰማው ግን የእያንዳንዱ አቤቱታ ይለያል። ዜማው ወደ አርባ ደቂቃ ስለሚደርስ ባንድ ፊት አይበቃውም፤ በመካከሉ ይቈረጣል፤ ይህም ለጆሮ ዕረፍት መሆኑ አልከፋንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በዚያው ቀን ዜማው ሁለት ጊዜ ተጫውቶ ነበር። ኢምፐልስ የተባለው አሳታሚ በ1966 ዓ.ም. አንደኛውን አወጣ። ኮልትሬን ግን የሚሻለው ሌላው ነው ብሎ ስለ ፈረደ፥ ኋላ በታተመው ሸክላ ላይ አጨዋወቱ ተለወጠ። ሽፋኑ ያው፥ የመዝገብ ቍጥሩም ያው ነው፤ መለያው መርፌው ጨርሶ በሚያርፍበት ባዶ ስፍራ ላይ የተጫረው «ሁለተኛ እትም» የሚል ቃል ብቻ ነው። እንግዲህ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሽፋን ይዘው ሲከራከሩ፥ የሰሙት ለየብቻ ሊሆን ይችላል። የብራና መጻሕፍትን ያመሳከረ ሊቅ ይህን ፈጥኖ ያስተውለዋል፤ ርእሱ አንድ ሆኖ ንባቡ የሚለያይ መጽሐፍ ጥቂት አይደለምና። በጆሮ ለመለየትም ይቻላል፤ ከበሮ መቺው ኤልቪን ጆንስ ብቻውን የሚጫወትበት ክፍል በፊተኛው እትም አለ፥ በሁለተኛው የለም።

ባለቤቱ የተወውን ማቆየት ተገቢ ነውን? የኮልትሬን ፍርድ ሊከበር ይገባዋል፤ እኛም ሁለተኛውን እናስበልጣለን። ነገር ግን ፊተኛው ከሌለ ምን ትቶ ምን እንደ መረጠ ማን ያውቃል? እርሱ ራሱ በ1967 ዓ.ም. ስለ ሞተ ሊጠየቅ አይችልም። ዛሬ ሁለቱም ባንድነት ታትመው ይገኛሉ፤ አስቀድሞ ግን ፊተኛውን መስማት የሚሻ ሰው ቀድሞ የገዛውን ሰው ደጅ መጥናት ነበረበት።

ሸክላውን ሊገዛ የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ከሽፋኑ አውጥቶ ወደ ብርሃን ዘንበል ያድርገው። ጽሕፈቱ ቀጭን ስለ ሆነ መነጽሩን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።