ትንሿ ትምህርት ቤት ለምን አንደኛ ትወጣለች?

በየዓመቱ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር «የትኛው ትምህርት ቤት በለጠ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የገጠር ገበሬ ልጁን በቀበሌው ትምህርት ቤት ለማቆየት ወይም ስንቅ አስይዞ፣ ከተማ ቤት ተከራይቶለት ለማስተማር የሚወስነው መልሱን ተመልክቶ ነው። ርእሰ መምህሩ የሚመሰገነው ወይም የሚወቀሰውም በዚያው ቁጥር ነው። በመርካቶ ዙሪያ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚኖር ወላጅ ደግሞ በእግር ከሚደረስባቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንዱን ይመርጣል። እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ደረጃውን ከማመናችን በፊት በቤተ ሙከራ ለማንኛውም ልኬት የምናቀርበውን ጥያቄ እናቅርብለት፤ የስሕተቱ ወሰን ምን ያህል ነው?

ሁለት ትምህርት ቤቶችን በሐሳባችን እንውሰድ። አንዱ 16፣ ሌላው 400 ተማሪዎችን ያስፈትናል። መምህራኑ፣ መጻሕፍቱ፣ ትጋቱ ፍጹም እኩል ናቸው እንበል፤ የእያንዳንዱ ተማሪ የማለፍ ዕድልም ዘውድና ጎፈር ብሎ ሳንቲም እንደ መወርወር ግማሽ በግማሽ ይሁን። የማለፍ ምጣኔው መደበኛ ልይይት የሚገኘው 0.5ን ለተማሪዎቹ ብዛት ዳግም ዘር በማካፈል ነው። የ16 ዳግም ዘር 4 ነው፤ ስለዚህ ልይይቱ 12.5 በመቶ ይሆናል። የ400 ዳግም ዘር 20 ነው፤ ልይይቱም 2.5 በመቶ ብቻ ነው። ትልቁ ትምህርት ቤት ከዓመት ዓመት ከ45 እስከ 55 በመቶ ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ሲመላለስ፣ ትንሿ ያለ አንዳች የትምህርት ለውጥ አንድ ዓመት 70፣ በሌላው 30 በመቶ ልታሳልፍ ትችላለች። በአንድ ወረዳ ውስጥ እንዲህ ያሉ ዐሥር ትንንሽና አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ቢኖሩ፣ አንደኛዋም መጨረሻዋም ሁልጊዜ ማለት በሚቻል መልኩ ከትንንሾቹ ናቸው። ተሸላሚዋና ተወቃሿ በሚቀጥለው ዓመት ቦታ ቢለዋወጡ ሊደንቀን አይገባም።

ይህን ሕግ ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ አብርሃም ደ ሟቭር በ18ኛው ክፍለ ዘመን አስቀምጦታል። የጨረር ቅንጣቶችን በጋይገር ቆጣሪ የቆጠረ የፊዚክስ ተማሪም ያውቀዋል። የትምህርት ባለሥልጣናት ግን ሲዘነጉት ይታያሉ። አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሃዋርድ ዌይነር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጽሑፍ የፔንሲልቬንያን 1,662 ትምህርት ቤቶች ውጤት አቅርቦ ነበር። ከፍተኛ ውጤት ካገኙት 50 ትምህርት ቤቶች 6ቱ እጅግ ትንንሽ ከሚባሉት 50 መካከል ነበሩ፤ በመጠን ላይ ባይመሠረት ኖሮ ሊጠበቅ የሚገባው አንድ ወይም ሁለት ነበር። ዝቅተኛ ውጤት ካገኙት 50 ውስጥ ግን 9ኙ እንዲሁ ከእነዚያው ትንንሾች ነበሩ። ላይኛውን ጫፍ ብቻ የተመለከቱ ሰዎች ትንሽነት ጥራትን ይወልዳል ብለው ደመደሙ፤ ትልልቅ ትምህርት ቤቶችን ለመከፋፈልም ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ።

ታዲያ ሁሉም ነገር ዕጣ ነውን? አይደለም፤ ይህንንም ያው ስሌት ያሳየናል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት 845,099 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.2 በመቶ ገደማ ነው። ከ3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ እኩል ቢሆኑ፣ 50 ተማሪ ያስፈተነ ትምህርት ቤት ማንንም ሳያሳልፍ የመቅረት ዕድሉ ከአምስት አንድ ያህል ነው፤ ይህ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። በአማካይ ግን በአንድ ትምህርት ቤት 272 ያህል ተፈታኝ ነበር። ለዚያ መጠን ዕድሉ ከ10,000 አንድ ገደማ ይሆናል። ሁሉም የአማካዩን ያህል ተፈታኝ ቢኖራቸው ኖሮ ምንም ያላሳለፈ ትምህርት ቤት አንድ እንኳ ባልተጠበቀ ነበር። 1,328 የሚለው ቁጥር ስለዚህ የሳንቲም ጨዋታ አይደለም፤ በትምህርት ቤቶቻችን መካከል እውነተኛና ሰፊ ገደል አለ።

ገደሉን የፈጠረው ማን ነው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። በእህል በረንዳ ጤፍ የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ ብቻ ዘግኖ አይረካም፤ ከየት እንደ መጣም ይጠይቃል። የማለፍ ምጣኔ ግን ተማሪው ምን ይዞ እንደ ገባ አይነግረንም። ከትምህርት መልስ በወላጁ ሱቅ የሚሸጥ የመርካቶ ልጅ፣ ከብት የሚጠብቅና ማታ መብራት የሌለው የገጠር ልጅ፣ የግል አስጠኚ የተቀጠረለት ልጅ ሁሉ በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ። ተገቢው ንጽጽር የእድገት ንጽጽር ነው። ለዚህም መነሻ አለን፤ በአዲስ አበባ በ6ኛም በ8ኛም ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ይሰጣል። የፈተናዎቹ ክብደት ስለሚለያይ ነጥቦቹን በቀጥታ መቀናነስ አይገባም፤ እያንዳንዱን ከዓመቱ የከተማ አማካይ ጋር ማስተያየት ግን ይቻላል። ተማሪዎቹን ከአማካዩ 15 ነጥብ በታች ተቀብሎ በሁለት ዓመት ውስጥ 5 ነጥብ በታች ያደረሰ ትምህርት ቤት፣ 8 ነጥብ በላይ ተቀብሎ 5 ነጥብ በላይ ካደረሰው የበለጠ ሠርቷል። በተለመደው ሰንጠረዥ ላይ ግን ከበታቹ ይጻፋል።

ለገጠሯ ባለ 16 ተማሪ ትምህርት ቤት ይህም ብቻውን አይበቃም። የሦስት ዓመት ውጤቷ ቢደመር ተፈታኞቿ 48 ይሆናሉ፤ ልይይቱም ከ12.5 ወደ 7.2 በመቶ ይወርዳል። ወሰኑ አሁንም ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ከቁጥሩ ጎን ሊጻፍ ይችላል።