በምክር ቤት የሚጸድቅ ኳስ

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ሰንጠረዥ ከላይ ወደ ታች ላነበበ ሰው የማዘጋጃ ቤቶች ዝርዝር ይመስለዋል፤ ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ ባህር ዳር ከተማ፣ ፋሲል ከነማ። ግምቱም ከእውነት ብዙ አይርቅም። ከእነዚህ ክለቦች የአብዛኞቹን ደሞዝ የሚከፍለው፣ ተጫዋች የሚያስፈርመው፣ የሆቴልና የአውቶቡስ ሒሳብ የሚዘጋው የከተማ አስተዳደር ነው። የአገራችን ትልቁ የኳስ ባለሀብት ማን ነው ቢባል መልሱ ግብር ከፋዩ ነው።

ነገሩ ወደ ደርግ ዘመን ይመለሳል። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ዛሬም በጎንደሩ ክለብ ስም ላይ የቀረው «ከነማ» የዚያ አጠራር ቁራጭ ነው። ቀበሌው ዘበኛና ሱቅ እንዳለው ሁሉ ኳስ ቡድንም ነበረው። ሥርዓቱ ሲቀየር ማኅበሩ ወደ አስተዳደርነት ተለወጠ፣ ቡድኑ ግን አብሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ የከተማ ክለቦች የደረሱበትን መናቅ አይቻልም። ሊጉ በ1990 በአዲስ መልክ ከተጀመረ ወዲህ ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአዲስ አበባ ያስወጣው ሀዋሳ ነው፤ በ1996 ወሰደው፣ በ1999 ደገመው። ፋሲል በ2013 ቻምፒዮን ሆነ። ባህር ዳር በ2015 ሁለተኛ ወጥቶ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛምን በፍጹም ቅጣት ምት አሰናበተ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክለቡ ቦርድ አለው፤ ሰብሳቢነቱን ብዙ ጊዜ ከንቲባው ወይም ምክትላቸው ይይዙታል። ሥራ አስኪያጁ ከአስተዳደሩ ቢሮዎች ይመደባል። ገንዘቡ ከከተማው በጀት ይወጣል፣ በጀቱን ደግሞ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የተጫዋቾች ውልም በአብዛኛው ሰኔ 30 ያበቃል። እናም ክረምት ሲገባ አሠልጣኙ የሚፈልገውን አጥቂ የሚያገኘው መጀመሪያ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ደጅ ከጠና በኋላ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ቡድኑ ወራጅ ቀጣና አፋፍ ላይ ሲቆም፣ ካዝናው ይሟጠጥና ተጨማሪ በጀት ይጠየቃል። «ደሞዝ ዘግይቶብናል» ብለው ተጫዋቾች ልምምድ አቆሙ የሚለው ዜና በአብዛኛው የሚሰማው በዚህ ወቅት ነው። ከንቲባ በተቀየረ ቁጥርም ቦርዱ ይቀየራል፣ ቦርዱ ሲቀየር አሠልጣኙ ይሰናበታል። የክለቡ ኳስ ሜዳ ላይ ያለችው ብቻ አይደለችም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ የከተማ ክለብ አንድ ብርቱ ጎን አለው፤ በቀላሉ አይፈርስም። ጎንደር ላይ ሁለቱንም ዓይነት፣ የፋብሪካንም የከተማንም ክለብ፣ ማየት ተችሏል። ዳሽን ቢራ የራሱ ክለብ ነበረው፣ በፕሪሚየር ሊጉም ተጫውቷል። በ2008 ሲወርድ ፋብሪካው ክለቡን ዘጋው። በዚያው ዓመት ፋሲል ወደ ሊጉ አደገ፣ ቢራውም ስፖንሰርነቱን ወደ ከተማ ክለቦች አዞረ። ፋብሪካ ኪሳራውን አስልቶ ይዘጋል፤ ከንቲባ ግን የከተማውን ቡድን አፍርሶ በማግሥቱ ገበያ ውስጥ ሊሄድ አይችልም።

ወጪውስ? በ2011 መገባደጃ ላይ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ የተጫዋች ወርኃዊ ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣራ አበጅቶ ነበር። ጣራ ያስፈለገው ከተሞች በመንግሥት ገንዘብ እርስ በርስ ሲጫረቱ ዋጋው ስለናረ ነው። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ጨዋታዎቹ ለቴሌቪዥን ስርጭት ሲባል በተመረጡ ከተሞች በዙር ይካሄዳሉ። የአንድ ከተማ ሕዝብ ቡድኑን ለወራት በቴሌቪዥን ብቻ ያያል። የሜዳ ገቢ የለም፣ የሆቴል ወጪ አለ። ያገሬው ሕዝብ እየከፈለ ሌላ ከተማ የሚጫወት ቡድን፣ በኔ እይታ፣ «የሕዝብ ክለብ» ለመባል ይቸገራል።

የውጭው ዓለም ማዘጋጃ ቤቶችም ከኳስ አልራቁም፤ የሚገቡበት በር ግን ይለያል። የሚላኑ ሳን ሲሮ ስታዲየም ለብዙ አሥርት ዓመታት የከተማው ንብረት ነበር፤ ኤሲ ሚላንና ኢንተር ተከራይተው ኖረውበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአውሮፓ ኮሚሽን ሪያል ማድሪድ ከማድሪድ ማዘጋጃ ቤት ጋር በተዋዋለው የመሬት ልውውጥ ያላግባብ ተጠቅሟልና 18.4 ሚሊዮን ዩሮ ይመልስ ብሎ ነበር። ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ውሳኔውን ሻረው፤ ቢሆንም የከተማ ገንዘብ ወደ ክለብ ሲሄድ በሕግ የሚጠይቅ አካል እንዳለ ያሳያል።

እስካሁን ያየነው በጀት ያላቸውን ከተሞች ነው፤ ገንዘብ የሌላት ከተማስ ክለብ ቢያምራት? አሁን ወደ ሰቆጣ እንውጣ። ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ ነች። የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ስለሆነች የከተማ አስተዳደርም፣ ከዚያ በላይ የብሔረሰብ ምክር ቤትም አላት። የፖለቲካ መዋቅር አልጎደላትም። የጎደላት ገንዘብ ነው። ስሟ በአገር ደረጃ ጎልቶ የሚነሳው ከ2007 ጀምሮ ሕፃናትን ከመቀንጨር ለማዳን በተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ከተማዋ ወረራን አይታለች፣ ከአበርገሌና ከአካባቢው የተፈናቀሉትን አስጠግታለች። በ2015 እና በ2016 ድርቅ በዋግ ወረዳዎች በዝቋላ፣ በሳህላና በአበርገሌ ከብቱን ፈጀው።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ «የከተማዋን ስም የሚያስጠራ ክለብ እናጠናክር» የሚል ተመራጭ ቢነሳ አልስቅበትም። ስሟ ከእርዳታ እህል ጋር ብቻ ሲነሳ የኖረ ከተማ በኳስ መጠራት ቢያምራት ያምርባታል። የዋግ ወጣትም የሚሰለፍበት ነገር ይሻል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ራሱ መንግሥት ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት አለበት ይላል። ጥያቄው ገንዘቡ የት ይውደቅ ነው።

ከክልል ሻምፒዮና ወደ አንደኛ ሊግ፣ ከዚያም ወደ ከፍተኛ ሊግ የሚያስገባው መንገድ ረጅም ነው፤ ለሰቆጣ ደግሞ ቃል በቃል ረጅም ነው። ከዋግ ተራሮች ወርዶ ለመጫወት ነዳጅ፣ አበልና አልጋ ያስፈልጋል። ከሌላ ከተማ የተቀጠረ ተጫዋች ሰኔ 30 ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ በፊርማ የተከፈለው ገንዘብም አብሮት ይሄዳል። ስታዲየም ብቻውን ደግሞ ዋስትና አይሆንም። ጎረቤት ወልዲያ በጥር 2009 በሼህ መሐመድ አል አሙዲ ስም የተሰየመ ዘመናዊ ስታዲየም አስመረቀች፤ በ2010 የውድድር ዘመን ወልዲያ ከተማ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ።

ስለዚህ የሰቆጣ ምክር ቤት ተጫዋች ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገር ቢገዛ ይሻላል ባይ ነኝ። አንደኛው ድንጋዩ የተለቀመ፣ ውሃ የማይቋጥር፣ ካርታ ወጥቶለት ማንም ለቤት መሥሪያ የማይቆርሰው ሜዳ ነው። በየከተማው የኳስ ሜዳ የሚጠፋው በጎርፍ ሳይሆን በሊዝ ነው። ሌላው ለታዳጊ ፕሮጀክት አሠልጣኞች በየወሩ የማይቋረጥ አበል፤ የሴቶቹም ቡድን በዚሁ ውስጥ ይግባ። ሦስተኛው ኳስና ማልያ ለየቀበሌው ውድድር ነው፤ የተፈናቀሉት ልጆች ከከተማው ልጆች ጋር የሚተዋወቁበት ከዚህ የረከሰ መንገድ አላውቅም። ከዚህ የሚበቅለው ቡድን አንድ ቀን ሊግ ቢገባ ግማሹ የሰቆጣ፣ የድሃና፣ የጋዝጊብላ ልጅ ይሆናል፤ ሰኔ 30 ቢመጣም ወዴት ይሄዳል?

ለክለቡ የሚሰጥ ገንዘብ ካለም ሒሳቡ በምክር ቤቱ ፊት ይነበብ። ከንቲባው የቦርድ ሰብሳቢ፣ ምክር ቤቱ በጀት አጽዳቂ፣ ተቆጣጣሪውም ያው ከንቲባው ከሆነ ዳኛና ተጫዋች ይቀላቀላሉ። ደጋፊ ማኅበሩ፣ ነጋዴውና መምህራኑ ቢያንስ የቦርዱን እኩሌታ ይያዙ። የሰቆጣ ነዋሪ ሆይ፣ የከተማው ምክር ቤት በጀት ሊያጸድቅ ሲሰበሰብ በቀበሌህ የመረጥከውን ሰው ያዝና ለሜዳው ስንት፣ ለታዳጊው ስንት፣ ለፊርማ ስንት እንደተያዘ በቁጥር ጠይቀው።