«ኅሊናን መጠበቅ» እና «ንስሐ መግባት»፤ ስለ ቃላቱ ፍችና አገባብ

በአዲስ አበባ «በር» የሚለውን ቃል በስማቸው የያዙ ሰፈሮች አሉ፤ በአራዳ በኩል አፍንጮ በር፣ በታላቁ ቤተ መንግሥት በኩል ፊት በር ይጠቀሳሉ። ስማቸውን የሚጠራ ሰው ግን ስለ መዝጊያም ሆነ ስለ በር ጠባቂ አያስብም፤ ፍችው በስሙ ውስጥ ተኝቷል። በሰፈር ስም ላይ ይህ ቢደርስ የሚጎዳ የለም። በሃይማኖት ቃላት ላይ ሲደርስ ግን ምእመኑ የተሰጠውን ምክር ሳያውቀው በሌላ ምክር ይለውጠዋል። ዛሬ በአፍንጮ በር የሚኖር አንድ ወጣት «ኅሊናህን ጠብቅ» ቢባል፣ ክፉና ደጉን የሚለይለትን የውስጥ ዳኛ እንዳያቆሽሽ የተመከረ ይመስለዋል። ቀድሞ ይህን የመከሩት አባቶች ግን ሌላ ነገር ማለታቸው ነበር።

«ኅሊና» የተገኘው ከግእዙ «ኀለየ» ነው፤ ፍችውም ዐሰበ ማለት ነው። ከዚሁ ግስ የወጣውን «ኀልዮ» በቤተ ክርስቲያን ደጋግመን እንሰማዋለን፤ ሰው የሚበድለው በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር፣ ይኸውም በማሰብ፣ በመናገርና በመሥራት ነው ይባላልና። ስለዚህ በቀድሞው አነጋገር ኅሊና የሚያስበውም የሚታሰበውም ነው። ኅሊናን መጠበቅ ማለትም ወደ ልብ የሚመጣውን ሐሳብ ከደጃፍ ላይ ማንነቱን መጠየቅ ነው። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉት ሦስቱ፣ በመጻሕፍት ጉባኤ ቤት ከነአንድምታቸው ሲተረጐሙ የኖሩ ናቸው፤ የሐሳብ ጥበቃም ከሚያስተምሩት ዋና ነገር አንዱ ነው።

ትምህርቱ ከግብፅ በረሓ መነኮሳት ጋር የተያያዘ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በዚያ የኖረው ኤዋግሪዎስ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ለይቶ ጽፏል። ልብ ሊባል የሚገባው «ሐሳቦች» ማለቱ ነው። ዝርዝሩ ወደ ምዕራብ ተሻግሮ በ6ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በሮሜው ሊቀ ጳጳሳት በጎርጎርዮስ እጅ ከተስተካከለ በኋላ ሰባቱ ዋና ኀጢአቶች ወደሚባሉት ተለወጠ። ከደጅ የቆመው እንግዳ ከቤተሰብ ተቈጠረ ማለት ነው።

በዘመናችን አማርኛ «የኅሊና ወቀሳ»፣ «የኅሊና እስረኛ» ስንል ኅሊና ዳኛ ሆኗል። ለውጡን አንነቅፍም፤ ለዚህ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ቃል አልተገኘም። የቀድሞው ፍች ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ቆመን «የኅሊና ጸሎት» ስናደርስ ቃሉ ጥንታዊ ትርጉሙን ይዞ ይገኛል፤ ድምፅ ሳይሰማ በሐሳብ የሚደርስ ጸሎት ነውና።

ከስሞቹ ይልቅ ብዙ የሚያስተምሩን ግሶቹ ናቸው። ሕዝቡ «ክፉ ሐሳብ መጣብኝ»፣ «ሐሳብ ገባኝ» ይላል፤ ሐሳቡ ባለቤት፣ ሰውየው ተቀባይ ነው። «ቂም ያዝሁ»፣ «ቂም ቋጠርሁ» ሲል ግን ባለቤቱ ራሱ ነው፤ የገባውን እንግዳ ይዞ አስቀርቶታል። «ንስሐ ገባሁ» ሲል ደግሞ ያው «ገባ» የሚለው ግስ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ አሁን የሚገባው ሰውየው ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ማንም ሳያስተምረው በመጣው ሐሳብና በተያዘው ሐሳብ መካከል ያለውን ልዩነት በአነጋገሩ ይጠብቃል። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። በንስሐ አባቱ ፊት ቀርቦ የመጣበትን ሁሉ እንደ ያዘው አድርጎ የሚቈጥር ሰው ራሱን ያለ ልክ ያስጨንቃል፤ የያዘውን «መጣብኝ» የሚል ደግሞ ዕዳውን ከራሱ ላይ ያወርዳል።

«ንስሐ»ን በ«ጸጸት» መፍታትም ልማድ ሆኗል፤ አይበቃም። «ይጸጽተኛል» በሚለው አነጋገር ጸጸት በሰው ላይ የሚደርስ ስሜት ነው፤ ንስሐ ግን ተነሥተው የሚገቡበት ነው። በግሪክኛ ወንጌል ለይሁዳ መጸጸት የተነገረው ግስ ንስሐ ግቡ ከሚለው የስብከት ቃል የተለየ ነው፤ ሁለተኛው የልብንና የሐሳብን መለወጥ ያመለክታል። በእኛ ሥርዓት ከኑዛዜ በኋላ «ቀኖና» ይከተላል። ይህም የግሪክ ቃል መለኪያ ወይም ሥርዓት ማለት ሆኖ ሳለ፣ በአማርኛ «ቀኖናውን ፈጸመ» ሲባል ጾሙንና ስግደቱን የሚያመለክት ሆኗል።

በመጨረሻ ጸሓፊዎች የሚጠይቁን «አመለካከት» የሚለው ቃል አለ። አሠራሩ እንደ «አካሄድ»፣ እንደ «አነጋገር» ነው፤ ተመለከተ ከሚለው የወጣ፣ የሁኔታን ፈርጅ የሚያሳይ ስም ነው። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዛሬ ሰባክያን «አመለካከት» በሚሉበት በፊልጵስዩስ መልእክት ምዕራፍ 2 ቍጥር 5 «አሳብ»፣ «አእምሮ» በሚሉበት በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 12 ቍጥር 2 ደግሞ «ልብ» ተብሎ እናገኛለን። አዲሱ ቃል ለትምህርትና ለጥናት ጽሑፍ ጠቃሚ መሆኑን እንቀበላለን። በንስሐ ነገር ግን «የተሳሳተ አመለካከት ነበረኝ» ማለት እጅግ ለስላሳ ሆኖ ይታየናል። የተሳሳተ አመለካከት ይታረማል፤ ስሕተቱም የመምህሩ ወይም የመጽሐፉ ሊሆን ይችላል። ጎረቤቱን የናቀ ሰው የሚናዘዘው ንቀቱን ነው፤ ወንድሙ ሲሾም ያዘነም ቅናቱን። ንቀት፣ ቅናት፣ ቂም፣ ትዕቢት የተባሉት ቃላት ሳሉን በአንድ ሰፊ ቃል ልንሸፍናቸው አይገባም እንላለን፤ ለመንፈሳዊ መጻሕፍት ተርጓሚዎችም የምናሳስበው በየስማቸው እንዲጠሯቸው ነው።